ሕመም የማይሰማው እግር፤ ስለ ጤነኛ ነርቭና በስኳር በሽታ ስለ ተጎዳ ነርቭ

በነቀምቴ ተማሪ ሳለሁ በሰፈራችን የስኳር በሽታ ካደረባቸው ብዙ ዓመት የሆናቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ የክረምት ማታ እግራቸውን ወደ ምድጃው አስጠግተው ሲያሞቁ ልጃቸው ጮኻ እስክትነግራቸው ድረስ መቃጠላቸውን አላወቁም። በማግስቱ ልንጠይቃቸው ብንሄድ «ደኅና ነኝ፤ ምንም አያመኝም» አሉን። ቁስሉ ግን አልድን ብሎ ከጥቂት ወራት በኋላ እግራቸው ተቆረጠ። «አያመኝም» ማለት «ጤነኛ ነኝ» ማለት ነውን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ሳይንስ መልስ ያገኘበትን መንገድ ባጭሩ መተረክ ነው። መንገዱም በከፊል በእኛው በወለጋ በኩል ያልፋል። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ጤነኛው ነርቭ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ነርቭ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን በጥንት ዘመን ጅማትንም ያመለክት ነበር። በእኛም አገር ብዙ ሰው ነርቭንና ጅማትን ለይቶ አይናገርም። ይሁን እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው፤ ጅማት ይስባል፥ ነርቭ ግን ወሬ ያደርሳል። የእግር ጣትን ስሜት የሚያመጣው የነርቭ ሕዋስ ዋና አካሉ በሕብለ ሰረሰር አጠገብ ሲሆን፥ ከዚያ የሚወጣው ክር እስከ ጣት ድረስ በአዋቂ ሰው አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወፍራሞቹ ክሮች ማይሊን በሚባል የስብ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው፤ የመነካትን ስሜት በሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያስኬዳሉ። ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ክሮች ሕመምንና ሙቀትን የሚያደርሱት በሴኮንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ድንጋይ ሲያደናቅፈን በመጀመሪያ መመታታችንን፥ ቀጥሎም ሕመሙን የምናውቀው ስለዚህ ነው።

በስኳር በሽታ የተጎዳው ነርቭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሌላ መልክ አለው። ክሮቹ ሳስተዋል፤ የማይሊኑ ሽፋን በየቦታው ቀጥኗል ወይም ተልጧል፤ ነርቩን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮችም ግድግዳቸው ወፍሯል። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ኢንሱሊን ሳያስፈልገው ወደ ነርቩ ይገባል፤ ከፊሉም ሶርቢቶል ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል። ይህም ከደም ሥሮቹ ጉዳት ጋር ተባብሮ ነርቩን ያደክማል። ረዣዥሞቹ ክሮች አስቀድመው ስለሚጎዱ ድንዛዜው ከእግር ጣት ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ሌሊት እግሩን እሳት እንደሚለበልበው ይናገራል፤ ያው እግር ግን እሾህ ሲወጋው ላያውቅ ይችላል። ላብ የሚያመነጩት ነርቮችም ሲጎዱ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለቁስል በር ይከፍታል።

ይህ እውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1849 ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር የእንስሳትን አንጎል በታችኛው ክፍል በመርፌ ሲወጋ በሽንታቸው ውስጥ ስኳር አገኘ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሊቃውንት የስኳር በሽታን የሚያመጣው የነርቭ ጉዳት ነው ብለው አሰቡ። በ1864 ማርሻል ደ ካልቪ የተባለው ሐኪም ነገሩን ገልብጦ፥ የነርቩ ጉዳት የስኳር በሽታ ውጤት እንጂ መንስኤው አይደለም አለ። ኢንሱሊን በ1921 በቶሮንቶ ከተገኘ በኋላ፥ ቀድሞ በጥቂት ጊዜ ይሞቱ የነበሩ ሕመምተኞች ለብዙ ዓመታት መኖር ጀመሩ። ዕድሜያቸው ሲረዝም በዝግታ የሚመጣው የነርቭ ጉዳት ገሃድ ወጣ። በ1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ውጤቱን አሳወቀ። ተካፋዮቹ በአብዛኛው በልጅነትና በወጣትነት የሚጀምረው ዓይነት የስኳር በሽታ የያዛቸው ነበሩ፤ የደም ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠርም በእነርሱ ላይ የነርቭ ጉዳትን ከመቶ 60 ያህል እንደሚቀንስ ታወቀ። የማርሻል ደ ካልቪ አሳብ በዚህ ተረጋገጠ ማለት ይቻላል።

ነርቩን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ አስቀድሞ የደነዘዘውን እግር ከመቆረጥ ማዳን ግን ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። ይህ ትምህርት የተገኘው ከስኳር ሕመምተኞች ሳይሆን ኅብረተሰቡ ከሸሻቸው የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ነው። ወለጋም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። በ1919 አሜሪካዊው የሚሲዮን ሐኪም ዶክቶር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥቶ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምትባለው ወደ ሳዮ ገባ። በነቀምቴም የስዊድን ሚሲዮን፥ በአይራ ደግሞ የጀርመን ሚሲዮን ሕክምናን አስፋፉ። ላምቢ ከወለጋ ወደ አዲስ አበባ ተሻግሮ በጉለሌ ሆስፒታል አቋቋመ፤ በ1930ዎቹም በከተማይቱ ዳር የሥጋ ደዌ ሕክምና ጣቢያ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ያ ጣቢያ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተጠራ፤ በ1965ም በዚያው ስፍራ ለመላው አፍሪካ ሐኪሞች ማሠልጠኛ የሆነው አለርት ተቋቋመ።

በዚያን ዘመን ብዙ ሰው ሥጋ ደዌ ሥጋን በራሱ ያበሰብሳል ብሎ ያምን ነበር። በ1946 በሕንድ አገር በቬሎር ሥራ የጀመረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ይህ ስሕተት መሆኑን አሳየ። ባሲሉ ነርቩን ይገድላል፤ ጣትን የሚያሳጥረው ግን ሳይታወቅ የደረሰ ቃጠሎ፥ መቁሰልና መመርቀዝ ነው። ሌሊት ተኝተው ሳሉ ጣታቸውን አይጥ የበላባቸው ሕመምተኞችም ነበሩ። ብራንድ በ1966 በአሜሪካ ሉዊዚያና ወደሚገኘው ካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሄደ። በዚያም የስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ከዚሁ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አስተዋለ። እግርን በየቀኑ መመርመር፥ ቁስሉን ከሸክም ማሳረፍና ተስማሚ ጫማ ማድረግ ከሥጋ ደዌ ወደ ስኳር በሽታ ሕክምና ተሻገሩ። ሲጫኑት በ10 ግራም ኃይል የሚጎብጠው የናይሎን ክር፥ ዛሬ በዓለም ሁሉ የስኳር ሕመምተኛ እግር የሚፈተንበት፥ ልኩ የተወሰነው በካርቪል በተደረገ ጥናት ነው።

እርግጥ ሁለቱ በሽታዎች አንድ አይደሉም። ሥጋ ደዌ በባሲል ይመጣል፤ በክርንና በጉልበት አጠገብ ያሉትን ቀዝቀዝ ያሉ ነርቮች ያጠቃል፤ ነርቩም ወፍሮ በእጅ ሲዳሰስ ይገኛል። የስኳር በሽታ ግን በሁለቱም እግር ላይ በእኩልነትና በዝግታ ይሠራል፤ በእጅም አይዳሰስም። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ነርቩ ከሞተ በኋላ ግን የሁለቱም እግር አደጋ አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሕመም በጤነኛ ሰው ዘንድ ጠላት ሳይሆን ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ሲሞት ቤቱ ጸጥ ይላል እንጂ ደኅና አይሆንም። የእኚያን ሽማግሌ እግር ለማትረፍ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ አንድ የናይሎን ክር፥ ማታ ማታ እግራቸውን የምታይ ልጅ፥ ከእሳት መራቅና የማይጨቁን ጫማ ይበቃ ነበር። ይህም እውቀት ከሩቅ አገር የሚለመን አይደለም፤ ከፊሉ በገዛ አገራችን፥ ማንም ሊቀርባቸው ከማይፈልጉ ሰዎች ጎን ሲሠራበት የኖረ ነው። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ ለስኳር ሕመምተኛ ደሙን ከመመርመር ጋር «እባክዎ ጫማዎን ያውልቁ» ማለት ልማድ ቢሆን፥ ብዙ እግር ከመጋዝ ይተርፋል ብዬ አምናለሁ።