የእንዶድ ነገር፦ ምርምራችንን ማን ይመራዋል?

የዘንድሮው መገናኛችን አዘጋጆች «ከድሮው ግቢ ትዝታህን ጻፍልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የካፌው ሰልፍና የላይብረሪው መብራት ነበር። እነዚህን ግን ከኔ አሳምረው የሚያወጓችሁ ብዙ አሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ባዮሎጂ ስለሆነ ስለ አንድ ተክል ላጫውታችሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥፋቴንም እናገራለሁ።

እኛ አራት ኪሎ የገባነው በ1966 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱን በወጉ ሳንይዘው አብዮቱ ፈነዳ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረና ከ50,000 በላይ የምንሆን ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተበተንን። ስንገባ የዩኒቨርሲቲያችን ስም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር፤ ስንመለስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ጠበቀን። አብረውን ወጥተው ያልተመለሱም አሉ። እንግዲህ ታሪክ በትምህርት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለኛ ትውልድ ማስረዳት አያስፈልግም። ክፍሉን ዘግቶ ነው የገባው።

በተመደብኩበት መንደር ያሳደሩን እናት ጋቢዬን በእንዶድ ያጥቡልኝ ነበር። ከከተማ የያዝኩትን ሳሙና ስሰጣቸው ሳቁብኝ። «ይኼ ያሸታል እንጂ አያነጣም» አሉኝ። እኔ የሳይንስ ተማሪው የእንዶድን ሳይንሳዊ ስም አላውቅም ነበር፤ ከመጽሐፍ ያጠናኋቸው ዛፎች አብዛኞቹ በረዶ በሚወርድበት አገር የሚበቅሉ ናቸው። በዚያን ጊዜ ከኛው ግቢ የወጣ ምርምር በዚሁ ተክል ላይ ዓለምን እያነጋገረ እንደሆነም አልሰማሁም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በእ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ከአሜሪካ ትምህርቱን ጨርሶ በተመለሰ ማግስት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ ሄደ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል። አክሊሉ ወንዙን ሲቃኝ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አየ። ከላይ በኩል ያሉት ግን ደኅና ነበሩ። ልዩነቱ የእንዶዱ አረፋ ነው። በሕይወት ያሉትን ለቅሞ አረፋው ውስጥ ሲከታቸው ሞቱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ይህን ለማየት ትልቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገም። ያስፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ስለ ቀንድ አውጣው የተማረ ዓይን፣ እና ወንዝ ወርዶ ሴቶቹ የሚሠሩትን ለማየት የማያፍር ሰው።

አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረተ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ በየጊዜው እየተጨመረ ውጤቱ ተለካ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የግብርና ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአገሩ የእንዶድ ዘር ሰብስቦ ፍሬውም ኃይሉም የሚበልጠውን መረጠ። «ዓይነት 44» የሚባለው እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያው በየወንዙ አልዋለም? የዓለም ጤና ድርጅት የሚያውቀውና የሚመክረው በፋብሪካ የሚሠራ መድኃኒት ነበረው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ለድሃ አገር የሚከብድ። ለእንዶድ ግን ዓለም አቀፍ ደረጃ ባላቸው ላቦራቶሪዎች የመርዛማነት ምርመራ ተደርጎ ይምጣ ተባለ። ጥያቄው በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ሰው የሚጠጣው ውኃ ላይ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ፣ ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብና ዕውቅና ያለው ላቦራቶሪ እኛ ዘንድ አልነበረም። ከአንድ ተክል የሚያተርፍ ኩባንያም ስለሌለ ወጪውን የሚሸፍን አልተገኘም። ምርመራው እስኪሟላ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። በመካከሉ በሽታውን በክኒን የሚያክመው ፕራዚኳንቴል መጣና የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣው ላይ ተነሣ። አክሊሉና ለገሠ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አክሊሉ በ1997 አረፈ።

ሌላም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የታላላቅ ሐይቆችን የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል አሳይቶ ፓተንቱን ወሰደ። በአሜሪካ ሐይቅ ላይ ገንዘብ የሚያድን ሲሆን እንዶድ ፓተንት አገኘ። በዓድዋ ወንዝ ልጅ የሚያድነው እንዶድ ግን ሃያ ዓመት ወረፋ ጠበቀ።

ቀንድ አውጣው ዓድዋም ይሁን ለንደን በእንዶድ ይሞታል፤ የተፈጥሮ ሕግ ፓስፖርት አይጠይቅም። ማን ጥያቄውን ያነሣል፣ ማን ይታመናል፣ መልሱ ስንት ዓመት ይፈጃል የሚለውን ግን ኅብረተሰብና ታሪክ ይወስኑታል። የራሳችን ግቢ ምስክር ነው። አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በ1957፣ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ፣ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከዓለም የመጣ ነበር። መሥራቹ ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ግን እዚያው ቆይቶ፣ ዜና መዋዕሎቻችንን ጭምር አገላብጦ፣ በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ። ከውጭ የመጣ ጥያቄም አገር ቤት ሊለምድ ይችላል ማለት ነው፤ የሚያለምደው ሰው ካገኘ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በአንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንዲት የማስተርስ ተማሪ የብርብራ ፍሬ ዱቄት ነቀዝን ይገድል እንደሆነ ላጥና ብላ መጣች። ብርብራ ዓሣ ለማደንዘዝ እንደሚያገለግል ሁላችንም እናውቃለን። እናቷ ደግሞ ጎተራ ውስጥ ትጠቀምበታለች። «የታተመ ነገር የለውም፤ የትም አያደርስሽም» ብዬ ሰረዝኩት። ገንዘብ በነበረው በሌላ ፕሮጀክት ውስጥ አስገባኋት። ታዘዘች፤ ተመረቀችም። ከዓመታት በኋላ ብርብራ በተባይ ላይ ያለውን ኃይል የሚያሳዩ የአገራችን ሰዎች ጥናቶች ታትመው አነበብኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እኔን ነው። ለአክሊሉ ጄኔቫ ላይ በሩ ተዘጋበት እያልኩ በየዓመቱ እያስተማርኩ፣ በገዛ ቢሮዬ በር ላይ የቆምኩት እኔው ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩ። አሁን እሷም መምህር ናት። ይቅርታ ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለችና፣ «ጋሼ፣ እናቴ እኮ እስካሁን ትጠቀምበታለች፤ የኛን ወረቀት አልጠበቀችም» አለችኝ።

በዚህ መገናኛ ገንዘብ ለማዋጣት ላሰባችሁ አንድ ነገር ልለምን። ሕንፃ ላይ ስማችን ባይጻፍም ግድ የለም። ተማሪዎች ከየመጡበት ቀዬ ይዘው የሚመጡትን ጥያቄ የሚደግፍ አነስተኛ የምርምር ፈንድ እናቋቁም፤ ሪኤጀንት መግዣ፣ የመስክ ውሎ አበል፣ የትራንስፖርት። በማስተማር ላይ ያላችሁ መምህራንም «የታተመ ነገር አለው ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ከማን ሰማሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ጡረታ ወጣሁ።