በእምድብርና አካባቢው የማኅበረሰብ ውይይት፦ ብዝኃነት፣ አካታችነትና አጋርነት

የማኅበረሰብ ውይይት በአንድ ቀበሌ ወይም መንደር የሚኖሩ ሰዎች የጋራ ችግራቸውን ራሳቸው የሚለዩበት፣ መንስኤውን የሚመረምሩበት፣ በመፍትሔው ላይ የሚስማሙበትና የስምምነቱን አፈጻጸም በየጊዜው የሚገመግሙበት ተከታታይ የምክክር ሥርዓት ነው። ከመደበኛ ስብሰባ የሚለየው አጀንዳው ከላይ የማይወርድ በመሆኑና በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የማይጠናቀቅ በመሆኑ ነው።

ይህ ጽሑፍ በጉራጌ ዞን በእምድብር ከተማና በቸሃ ወረዳ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ውይይቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሳተፍበት፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ አገልግሎቱ እንዴት እንደሚጠየቅና በውይይት ሊፈቱ የማይገባቸው ጉዳዮች የትኞቹ እንደሆኑ በቅደም ተከተል ያብራራል።

የአሠራሩ አመጣጥ

በአሁኑ መልኩ የሚታወቀው የማኅበረሰብ ውይይት በአገራችን የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ኤች አይ ቪን ለመከላከል በተደረገው ጥረት ነው። በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው አካባቢዎች መካከል አላባና ያቤሎ ይገኙበታል። በከንባታም በቦጋለች ገብሬ የተመሠረተው ከንባታ ሜንቲ ጌዝማ-ቶፔ የተባለው ድርጅት ይህንኑ ዘዴ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ተጠቅሞበታል። ቦጋለች ገብሬ በዚህ ሥራዋ በ2005 ዓ.ም. የቤልጂጉን የንጉሥ ባውዱዊን ሽልማት ተቀብላለች።

የከንባታው ተሞክሮ ለእምድብርም ሆነ ለሌላው አካባቢ የሚጠቅም ትምህርት አለው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ልማዱን ቢተው ልጁ ባል እንዳታጣ ይሰጋል፤ ስለዚህም ስህተት መሆኑን እያወቀ ይቀጥላል። ብዙ ቤተሰቦች በአደባባይ አብረው ሲወስኑ ግን ስጋቱ ይወገዳል። ሰዎችን በማግለል ላይ የተመሠረቱ ልማዶችም ባሕርያቸው ተመሳሳይ ነው። ጎረቤት ምን ይለኛል በሚል ፍርሃት ይቆያሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ በይፋ ሲወስን ይቀራሉ።

በእምድብርና አካባቢው ያለው መሠረት

በጉራጌ ማኅበረሰብ ዘንድ መመካከር እንግዳ ነገር አይደለም። በመንደሮች መካከል የሚዘረጋው ሰፊውና ሣራማው ጀፎረ የማንም የግል ይዞታ አይደለም፤ ቤቶች ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሠራሉ። ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ የመስቀል በዓል ጨዋታውም፣ ሽምግልናውም የሚካሄደው በጀፎረ ላይ ነው። ከዚህ በላይ የሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ የሆነው የጆካ፣ ቅጫ በተባለው ባህላዊ ሕግ መሠረት አለመግባባቶችን ሲዳኝ ኖሯል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረች የሚነገርላት የቃቄ ውርድወት ሴቶችን አስተባብራ በጋብቻና በፍቺ የሚደርስባቸውን በደል በየጆካ ሸንጎ ፊት እንዳቀረበች የአካባቢው ትውፊት ያስረዳል። ይህ ትውፊት የሚያሳየው ከሸንጎው ወንበር የራቁ ሰዎች ጥያቄ በባህሉ ውስጥ ሲነሳ የኖረ መሆኑን ነው። ስለሆነም ስለ አካታችነት መወያየት ከውጭ የመጣ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

አካባቢው በሃይማኖትም ብዝኃነት የሚታይበት ነው። የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። እምድብር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሀገረ ስብከት መቀመጫ ናት፤ አብሬትም በአካባቢው ሙስሊሞች ዘንድ የታወቀ የዝያራ ስፍራ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የተለያየ እምነት ያላቸው ዘመዳሞች ሲገኙ በደስታና በሐዘን ተለይተው አለመቅረታቸው ለውይይቱ መልካም መነሻ ይሆናል።

የጎደለው ድምፅ የማን ነው?

ማንኛውም የውይይት ቡድን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይህን ጥያቄ ሊመልስ ይገባል። በአካባቢው ልዩ ትኩረት የሚሹት የሚከተሉት ናቸው።

በእደ ጥበብ ሙያ የሚተዳደሩ ወገኖች፦ እንጨት የሚጠርቡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚፍቁና ብረት የሚቀጠቅጡ ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን በሙያቸው ምክንያት ተገልለው ኖረዋል። ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰሩ፣ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ የእርሻ መሬት እንዳይዙ ልማድ ከልክሏቸው ቆይቷል። የታወቀውን ክብ የጉራጌ ቤት የሚያቆሙትና መካከለኛውን ምሰሶ የሚተክሉት ግን እነዚሁ ባለሙያዎች ናቸው። ምሰሶውን የተከለው ሰው በዚያው ቤት እንደ እንግዳ ገብቶ፣ እንደ ጎረቤት ተቀምጦ፣ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ መብላት አይችልም ነበር። ልማዱ እየላላ ቢመጣም ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። እነዚህ ወገኖች በስድብነት የሚጠሩባቸው ስያሜዎች በውይይት መድረክም ሆነ በቃለ ጉባኤ መጠቀስ የለባቸውም፤ ሰው የሚጠራው በስሙ ወይም በሙያው ነው።

አካል ጉዳተኞች፦ በቤት ውስጥ መቆየታቸው ብዙ ጊዜ እንደ ጥበቃ ይታሰባል። ዓይነ ስውር የሆነን ሰው መንገድ የሚመራው ከሌለ፣ መስማት የተሳነው ሰው አስተርጓሚ ካልቀረበለት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው መወጣጫ በሌለው አዳራሽ ከተጠራ፣ ጥሪው ደርሶታል ሊባል አይችልም።

ሴቶችና ወጣቶች፦ በስብሰባ መገኘትና መደመጥ አንድ አይደሉም። ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው፣ ሽማግሌዎች ከተናገሩ በኋላ ጊዜ ሲተርፍ ብቻ ዕድል የሚሰጣቸው ከሆነ ውይይቱ ግማሹን የማኅበረሰብ ክፍል አላሳተፈም።

ከሌላ አካባቢ የመጡ ነዋሪዎች፦ በሥራ፣ በጋብቻ ወይም በሌላ ምክንያት መጥተው የሚኖሩና በቋንቋ ወይም በብሔር የተለዩ ሰዎችም የቀበሌው ነዋሪዎች ናቸው። በጉራጊኛ የሚካሄድ ውይይት ወደ አማርኛ፣ በአማርኛ የሚካሄደውም ወደ ጉራጊኛ እንዲተረጎም ማድረግ ተገቢ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑና ያለ አድልዎ እኩል ጥበቃ እንደሚያገኙ ደንግጓል። አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ያረጋግጣል። በአንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት የለውም። ይህም ማለት አንድን ሰው በሙያው ወይም በትውልዱ የሚያገል ልማድ ምንም ያህል የቆየ ቢሆን የሕግ ዋጋ አይኖረውም።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ሲሆን የኢትዮጵያ የሕንፃ ሕግ ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለ ነው።

ውይይቱ የሚካሄድበት ሥርዓት

1. ዝግጅት፦ ሁለት አወያዮች፣ በተቻለ መጠን አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ይመረጣሉ። አወያዮች የመንደሩን ቋንቋ የሚያውቁና በየትኛውም ወገን የሚታመኑ ሊሆኑ ይገባል። የተገለሉ ወገኖች በተወካይ ሳይሆን በራሳቸው ይጋበዛሉ፤ ጥሪውም ቤታቸው ድረስ በሰው ይደርሳል።

2. መተማመን፦ የመጀመሪያዎቹ መድረኮች ለትውውቅና ለመነጋገሪያ ደንብ ይውላሉ። አለማቋረጥ፣ አለመሳደብ፣ በመድረክ የተነገረን የግል ጉዳይ ከመድረክ ውጭ አለማውራት ከደንቦቹ መካከል ናቸው። አቀማመጡ ክብ ቢሆን ይመረጣል።

3. ችግሩን መለየት፦ ጥያቄዎች ተጨባጭ ይሁኑ። «መገለል አለን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በዕድራችን ያልተመዘገበ ጎረቤት አለ? ለምን አልተመዘገበም? ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» ብሎ መጠየቅ ወደ መልስ ያደርሳል።

4. ውሳኔ፦ ውሳኔው ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ የሚሻሻል ከሆነ ማሻሻያው በዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይጸድቃል።

5. ክትትል፦ ቡድኑ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በየሁለት ሳምንቱ፣ ተገናኝቶ የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን ይለያል። ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚመለሱ የአካባቢው ተወላጆች በብዛት ስለሚገኙ በዓሉ ውሳኔዎችን ለሰፊው ሕዝብ ለማሳወቅ አመቺ ጊዜ ነው።

አጋርነት በተግባር

አጋርነት ራሱ ያልተገለለ ሰው ከተገለለው ጎን መቆሙ ነው። የመገለልን ሸክም የሚያውቀው የተገለለው ቢሆንም በሩን ሊከፍት የሚችለው በውስጥ ያለው ነው። ተበዳዩ ስለ በደሉ ደጋግሞ እንዲያስረዳ ብቻ የሚጠበቅበት ውይይት ሸክሙን ይጨምርበታል። ከአጋር የሚጠበቁ ተግባራት የሚከተሉት ናቸው።

በዕድር ወይም በዕቁብ አባል የሆነ ሰው ያልተካተተ ጎረቤቱ እንዲመዘገብ ራሱ ጥያቄ ያቀርባል። በለቅሶና በሰርግ ቤት ለብቻ የተለየ መቀመጫ ወይም ዕቃ ሲያይ በጨዋነት ያስቆማል፣ ራሱም በአንድ ማዕድ ይቀርባል። የሚያዋርድ ስያሜ ሲነገር ዝም አይልም። መምህር ከሆነ ተማሪዎች በትውልድ እንዳይለያዩ፣ የሃይማኖት አባት ከሆነ ትምህርቱ በአምልኮ ቦታው አቀማመጥ ጭምር እንዲገለጥ ያደርጋል። ስለ ሌላው ከመናገሩ በፊት ግን ባለጉዳዩ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቃል፤ መናገር ለሚችል ሰው ቦታ መልቀቅም አጋርነት ነው።

የውይይቱ ውጤት የሚለካው በተሳታፊዎች ቁጥር ወይም በተደረጉ ንግግሮች ብዛት አይደለም። ከውይይቱ በኋላ በዕድሩ መዝገብ የተጨመረ ስም፣ በአንድ ማዕድ የተቀመጠ ጎረቤት፣ ለቀበሌው አዳራሽ የተሠራ መወጣጫ ካለ ውይይቱ ፍሬ አፍርቷል።

በውይይት የማይፈቱ ጉዳዮች

አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ የሴት ልጅ ግርዛት፣ ድብደባና መሰል ድርጊቶች ወንጀል ናቸው። በሽምግልና ወይም በማኅበረሰብ ውይይት እርቅ ተደርጎባቸው ሊዘጉ አይገባም፤ ለፖሊስ መቅረብ አለባቸው። የግልና የቤተሰብ ክርክርም በባህላዊ ወይም በሃይማኖታዊ ሥርዓት ሊታይ የሚችለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። የማይፈቅድ ሰው ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት የመሄድ መብቱ የተጠበቀ ነው፤ በዚህ ምክንያትም ከዕድር ወይም ከሌላ ማኅበራዊ ጥቅም ሊገለል አይችልም።

አገልግሎትና አቤቱታ

በቀበሌዎ የውይይት ቡድን ካለ ለመሳተፍ፣ ከሌለም እንዲቋቋም ለመጠየቅ በቅድሚያ ለቀበሌ አስተዳደርዎ ያመልክቱ፤ ቀጥሎም በወረዳዎ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሥራን ወደሚያከናውነው ጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላሉ። ጥያቄዎን በቃል ወይም በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም ሌላ ድጋፍ የሚያስፈልግዎ ከሆነ በሚያመለክቱበት ጊዜ አስቀድመው ያሳውቁ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግሎት ሲጠይቁ አስተዳደራዊ በደል ከደረሰብዎ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ሰብዓዊ መብትዎ ከተጣሰ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ለኮሚሽኑ የሚቀርብ አቤቱታ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ባለጉዳዩ ራሱ መቅረብ ካልቻለም የትዳር ጓደኛው፣ የቤተሰቡ አባል ወይም ወኪሉ ሊያቀርብለት ይችላል። አቤቱታ ሲያቀርቡ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀንና ቦታ፣ የተነገረውን ወይም የተደረገውን፣ በስፍራው የነበሩ ምስክሮችንና አስቀድመው ያመለከቱበትን ጽሕፈት ቤት ምላሽ አዘጋጅተው ይቅረቡ።