በእጅ የሚቀባበል የአደን ጠመንጃ

በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ፣ በውጭ ስሙ ቦልት አክሽን፣ ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቃታውን በእጁ ስቦና መልሶ አዲስ ጥይት የሚያጎርስበት የጠመንጃ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ውጅግራ፣ ምንሽርና ቤልጅግ በሚሉ ስሞች የታወቁት ጠመንጃዎች የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የአብዛኞቹ አገሮች እግረኛ ጦር ዋና መሣሪያ ነበር። ዛሬ በዋናነት የሚያገለግለው ለአደን፣ ለኢላማ ስፖርትና ለአልሞ ተኳሾች ነው።

አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ፣ ዋጋውም ከሌሎች ጠመንጃዎች አንጻር ዝቅተኛ ስለሆነ ትልልቅ የዱር እንስሳትን ለማደን በብዛት የሚመረጠው ይኸው ዓይነት ነው። ሆኖም በምርጫው ላይ ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ ወሳኝ የሆኑት የጥይቱ ጉልበት ከእንስሳው ጋር መመጣጠኑና ተኳሹ በትክክል ሊመታበት መቻሉ ናቸው። ሁለቱ ካልተሟሉ እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል፤ በጫካ ውስጥም ቀስ በቀስ ይሞታል።

== አሠራር ==

ቃታው ከጠመንጃው በርሜል በስተኋላ የሚንሸራተት የብረት ዘንግ ነው። እጀታው ወደ ላይ ሲነሳ ዘንጉን የቆለፉት ጥርሶች ይላቀቃሉ። ወደ ኋላ ሲሳብ በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ጥፍር ባዶውን ቀለህ ይዞ ያወጣና ወደ ውጭ ይጥለዋል። ወደ ፊት ሲገፋ ከካዝናው ቀጣዩን ጥይት ይዞ ወደ በርሜሉ ያስገባል። እጀታው ወደ ታች ሲመለስ ጥርሶቹ እንደገና ይቆለፋሉ፤ ጠመንጃውም ተቀባብሎ ለመተኮስ ዝግጁ ይሆናል።

ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረውን ከፍተኛ ግፊት የሚሸከሙት እነዚህ ጥርሶች ናቸው። በአብዛኞቹ የአደን ጠመንጃዎች ጥርሶቹ ከዘንጉ ፊት፣ ለጥይቱ ቅርብ በሆነው ቦታ ስለሚገኙ ግፊቱ የሚያርፈው በአጭርና በጠንካራ የብረት ክፍል ላይ ነው። የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ጥቂት በመሆናቸው ጠመንጃው አቧራና ጭቃን ይችላል፤ ለማጽዳትም ቃታውን ነቅሎ በርሜሉን ከኋላ በኩል ማየት ይቻላል።

== ታሪክ ==

=== አመጣጥ ===

በዚህ አሠራር ለጦር ሠራዊት የዋለው የመጀመሪያው ጠመንጃ ፕሩሺያ እ.ኤ.አ. በ1841 የተቀበለችው የድራይዘ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 በብረት ቀለህ የሚሠራውን የግራ ጠመንጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ደግሞ ጭስ አልባ ባሩድ የተጠቀመውን የለበል ጠመንጃ ሥራ ላይ አዋለች። ጭስ አልባው ባሩድ ጥይቱን ቀጭንና እጅግ ፈጣን እንዲሆን አስችሎታል።

የዛሬዎቹ የአደን ጠመንጃዎች መሠረት ግን የጀርመኑ ጳውል ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 ያጠናቀቀው ሞዴል 98 ነው። ሁለት የፊት ጥርሶችና አንድ ተጨማሪ የደኅንነት ጥርስ አሉት፤ ሰፊው ጥፍሩም ጥይቱን ከካዝና እንደወጣ ይዞት ይጓዛል። ዊንቸስተር ሞዴል 70 እና የሰርቢያው ዛስታቫ ኤም 70 በዚህ ንድፍ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ የአደን ጠመንጃዎች ናቸው።

=== በኢትዮጵያ ===

ውጅግራ የሚለው ቃል የመጣው ፉዚ ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው። የግራ ጠመንጃ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሲሆን በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ኢትዮጵያውያን ከተዋጉባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ቤልጅግ የሚባለው ደግሞ በቤልጅየም የተሠራው የማውዘር ዓይነት ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት መንግሥት ገዝቶ የክብር ዘበኛን አስታጥቆበታል።

ከእነዚህ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ወደ አገሪቱ የገቡት የአውሮፓ ጦሮች አዲስ ሞዴል ሲይዙ አሮጌውን በርካሽ ስለሚሸጡ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከታጁራ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ሸዋ ያመጣቸውና ለንጉሥ ምኒልክ የሸጣቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች በካፕሱል የሚተኮሱ፣ በአውሮፓ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ነበሩ።

ጠመንጃ ሲበዛ አደኑም ተለወጠ። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው በፉከራና በቀረርቶ ይወደስ፣ በኅብረተሰቡም ዘንድ የገዳይ ክብር ያገኝ ነበር። ይህ ክብር በጦርና በጎራዴ ዘመን በከፍተኛ የሕይወት አደጋ የሚገኝ ነበር። ከርቀት የሚገድለው መሣሪያ አደጋውን ሲቀንሰው ከዝሆን ጥርስ ንግድና ከእርሻ መስፋፋት ጋር ተዳምሮ የእንስሳቱን ቁጥር አመናመነ። አውራሪስ ዛሬ ከኢትዮጵያ እንደጠፋ ይታመናል።

== ለትልቅ አውሬ የሚሆን ጠመንጃ አመራረጥ ==

=== የጥይቱ ጉልበት ===

ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚኖረው ጉልበት የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ ይገኛል። ለምሳሌ 11.7 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 820 ሜትር ቢጓዝ ጉልበቱ 3,900 ጁል ያህል ነው። የታወቁ ጥይቶች ግምታዊ ጉልበት እንደሚከተለው ነው፦

* 7.62×39 ሚሊ ሜትር፣ የክላሽንኮቭ ጥይት፦ 2,000 ጁል፤ ለትልቅ አውሬ አነስተኛ ነው።
* 7×57 ማውዘር፣ እ.ኤ.አ. 1892፦ 3,000 ጁል፤ ለድኩላና ለመካከለኛ እንስሳት።
* 7.62×51፣ በሌላ ስሙ .308 ዊንቸስተር፣ እ.ኤ.አ. 1952፦ 3,500 ጁል፤ ለአብዛኞቹ አጋዘኖች።
* 7.62×63፣ በሌላ ስሙ .30-06፣ እ.ኤ.አ. 1906፦ 3,900 ጁል፤ ለአጋዘንና ለሳላ።
* .300 ዊንቸስተር ማግነም፣ እ.ኤ.አ. 1963፦ 4,700 ጁል፤ ለትልልቅ አጋዘኖች በረዥም ርቀት።
* .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ፣ እ.ኤ.አ. 1912፦ 5,700 ጁል፤ ለጎሽ። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ የሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን ይህ ወይም ለዚህ የቀረበ ነው።

ጉልበት ብቻውን አይበቃም። አረሩ ቆዳና አጥንት ጥሶ ልብና ሳንባ ጋ ካልደረሰ ትልቅ ቁጥር ዋጋ የለውም። ለወታደር የሚሠራው ሙሉ ሽፋን ያለው አረር ብዙ ጊዜ ጠባብ ቀዳዳ አብጅቶ ያልፋል፤ የአደን አረር ግን ጫፉ እንዲሰፋ ተደርጎ ስለሚሠራ እንስሳውን ቶሎ ይጥላል።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም ያደነው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ብዙ ዝሆኖችን በ7×57 ጥይት በመግደሉ ይታወቃል። ይህ የሆነው የዝሆንን የራስ ቅል አሠራር አጥንቶ አንጎሉን በቅርበት ይመታ ስለነበር ነው። ስለዚህ ምሳሌው የሚያሳየው የቦታ ምርጫን አስፈላጊነት እንጂ ትንሽ ጥይት ለትልቅ አውሬ በቂ መሆኑን አይደለም።

=== ርግጫና ክብደት ===

የጥይቱ ጉልበት ሲጨምር ሰደፉ በትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ርግጫም ይጨምራል። ርግጫ የሚፈራ ተኳሽ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትከሻውንም ያርቃል፤ በዚህም ይስታል። ቀላል ጠመንጃ ለተራራ ጉዞ ይመቻል፤ ርግጫው ግን ይብሳል። ከመነጽሩ ጋር ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ በ.308 ወይም በ.30-06 ጥይት ለብዙ ሰው የሚስማማ መካከለኛ ምርጫ ነው። የሰደፉም ርዝመት ከተኳሹ ክንድ ጋር መመጣጠን አለበት።

=== ትክክለኛነት ===

የትልቅ አጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኝበት ቦታ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ100 ሜትር ላይ ጥይቶቹን በ4 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ የሚያሳርፍ ርካሽ ጠመንጃ በ200 ሜትር ላይ በ8 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሳርፋቸዋል። ይህ ለአደን ከበቂ በላይ ነው። የቀረው ስህተት የሚመጣው ከሰው ነው፤ ከእጅ መንቀጥቀጥ፣ ከትንፋሽና ርቀትን አሳስቶ ከመገመት። ስለዚህ ከውድ ጠመንጃ ይልቅ ለልምምድ የሚሆን ጥይት መግዛት የበለጠ ይጠቅማል።

ከፍታም መታሰብ አለበት። በ3,500 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱን የሚይዘው ግጭት ይቀንሳል፤ በረዥም ርቀት ላይም ዝቅ ብሎ ከሚታደንበት ቦታ ይልቅ ከፍ ብሎ ይመታል። በተጨማሪም መነጽሩ በጉዞ ላይ ሊናወጥ ይችላል። በመሆኑም አዳኞች ከአደኑ በፊት በቦታው ላይ በኢላማ ሞክረው ያስተካክላሉ።

=== አዲስ ወይስ ያገለገለ ===

ሳቬጅ አክሲስ፣ ሩገር አሜሪካን እና ሞስበርግ ፓትርየት በርካሽነታቸው የታወቁ አዳዲስ ሞዴሎች ናቸው። አምራቾቹ ወጪ የሚቀንሱት ሰደፉን ከእንጨት ይልቅ ከፕላስቲክ በመሥራት፣ ካዝናውን በማቅለልና የብረቱን ማስዋቢያ በመተው ነው። በርሜሉና ቆላፊ ጥርሶቹ ግን የደኅንነት መለኪያ ማሟላት አለባቸው፤ ልዩነቱ በይበልጥ የሚታየው በቃታው ልስላሴና በምቾቱ ላይ ነው። ከእነዚህ ከፍ ያለ ዋጋ ካላቸው መካከል የፊንላንዱ ቲካ ቲ3 እና የጃፓኑ ሆዋ 1500 ይገኛሉ።

ያገለገለ ጠመንጃ ሲታይ የሚመረመሩት የበርሜሉ ውስጥ ዝገት፣ የአፈሙዙ ጫፍ መጎዳት፣ የሰደፉ መሰንጠቅና የቃታው አቆላለፍ ናቸው። በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠሩ እንደ ውጅግራ ያሉ ጠመንጃዎች የጭስ አልባ ባሩድን ግፊት እንዲችሉ አልተሠሩም። በአሮጌ የጀርመን ጠመንጃዎችም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 7.92 በሚባለው መጠን ውስጥ የተለያየ ስፋት ያላቸው አሮጌና አዲስ አረሮች ስላሉ ሰፊውን በጠባቡ በርሜል መተኮስ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ባለሙያ ሳያየው አይተኮስም።

== አደንና ሕግ በኢትዮጵያ ==

በኢትዮጵያ በውጭ አዳኞች በጣም የሚፈለገው እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። በዋናነት በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚገኝ ሲሆን ምስሉ በአሥር ሳንቲም ላይ ይታያል። ለሳይንስ የታወቀው እንግሊዛዊው አይቮር ባክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ተኩሶ ከገደለው በኋላ ነው፤ ሪቻርድ ሊደከር እ.ኤ.አ. በ1910 በባክስተን ስም ሰየመው። ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበ በመሆኑ አንድ ቆስሎ የሚያመልጥ እንስሳ እንኳ ቀላል ጉዳት አይደለም።

የዱር እንስሳት አጠቃቀምን ለመምራት የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። አደን ያለ ፈቃድ የተከለከለ ሲሆን የሚፈቀደው እንደ ሙኔሳ ኩኬና ኦዶ ቡሉ ባሉ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ውስጥ ነው። የውጭ አዳኞች ከፈቃድ ካለው ሙያዊ አዳኝ ጋር ይሄዳሉ፤ ለሚገድሉትም እንስሳ ክፍያ ይፈጽማሉ። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ማደን አይፈቀድም።

ጠመንጃውን ራሱን የሚመለከተው ሕግ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥ ወይም ማዘዋወር ወንጀል ነው። የመሣሪያ ፈቃድና የአደን ፈቃድ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

== ደግሞ ይዩ ==

* ጠመንጃ
* የዓድዋ ጦርነት
* የደጋ አጋዘን
* የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ