ያቺ የጥያቄ ምልክት

የሕክምና ተማሪ ያልሆናችሁ አንባብያን፣ ርእሰ ጉዳዩን ስነግራችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት ቀጭን ደም ቅዳ ነው። በአንገታችን አጥንቶች ውስጥ አልፋ ወደ አንጎል ከምትወጣው ከቨርቴብራል ደም ቅዳ ትገነጠላለች፤ ሜዱላ የሚባለውን የአንጎል ግንድ የታችኛ ክፍል ተጠማዝዛ ትዞራለች፤ ከዚያም የሰውነታችንን ሚዛን የሚጠብቀውን ሴሬብለም፣ ማለት ትንሹን አንጎል፣ በኋላና በታች በኩል ትመግባለች። ሙሉ ስሟ ረጅም ስለሆነ ሐኪሞች «ፓይካ» እያሉ ያሳጥሯታል። እኛም ፓይካ እንበላት። (የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ራሱ ከታመመ ሐኪም ነው። ጋስፓር ቪዩሶ የጄኔቫ ሰው ነበር፤ በ1805 በከተማው የገባውን የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በጽሑፍ በማስቀመጡ ስሙ ዛሬም ይነሣል። በ1808 ግን ተራው የራሱ ሆነ። ድንገት አዞረው፤ ድምፁ ጎረነነ፤ መዋጥ ቸገረው፤ ስርቅታ ያዘው፤ አንዱ የዐይኑ ቆብ ወደቀ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ፊቱ የደነዘዘው በአንድ ወገን ሲሆን፣ ሕመምና ሙቀት አልሰማ ያለው እጁና እግሩ ግን በሌላው ወገን መሆኑ ነው። ቪዩሶ የገዛ ሰውነቱን እንደ በሽተኛ ሰውነት እየመረመረ የተሰማውን አንድ በአንድ ተናገረ፤ ዝርዝሩም በ1811 በለንደን ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታተመ። ምክንያቱን ግን ያወቀ አልነበረም።

ከ80 ዓመት በላይ አለፈ። ያኔ ዳንዚግ፣ ዛሬ ግዳንስክ በምትባለው ከተማ አዶልፍ ቫለንበርግ የሚባል ሐኪም ነበር። ተመሳሳይ ምልክት ያለው ሰው አጋጠመውና በ1895 ስለ እሱ ጻፈ። መቼም ያን ጊዜ ሲቲ ስካን የለ፣ ኤምአርአይ የለ፤ ያለው መርፌ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ፣ እና አናቶሚ ብቻ ነው። ታዲያ ቫለንበርግ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ከእጅና ከእግር የሚመጣው የሕመምና የሙቀት መልእክት አከርካሪ ውስጥ እንደገባ ወገን ይቀይራል። የፊት መልእክት ግን ወገኑን ሳይቀይር እስከ ሜዱላ ድረስ ይወርዳል። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያበላሽ ቁስል ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ የሜዱላ ጎን። የመዋጫና የድምፅ ነርቮችም መነሻቸው እዚያው ነው። ያን ጎን የሚመግበው ማን ነው? ፓይካ ናት።

ይህን ሁሉ አስልቶ ጽሑፉን ሲያወጣ፣ የደም ቅዳዋን ስም በርእሱ ውስጥ አስገባና ከጎኗ የጥያቄ ምልክት አደረገባት። እኔን የማረከችኝ ያቺ ምልክት ናት። በሽተኛው በሕይወት አለ፤ ጭንቅላቱን ከፍቶ ያየ የለም፤ ስለዚህ «ነው» አላለም፤ «ይሆን?» አለ። ሰውየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት አስከሬኑ ተመረመረ፤ ቁስሉም ቫለንበርግ ባለው ቦታ ተገኘ። ይህንን በ1901 አሳተመ። በሽታው ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ስሙ በመጻሕፍት ሲኖር ሰውየው ግን ከአገሩ ተባረረ። ቫለንበርግ አይሁዳዊ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት፣ የናዚዎች አገዛዝ የምርምር ሥራውን አሳጣው። ወደ እንግሊዝ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ እዚያው በ1949 ሞተ። የአንጎልን መንገድ እንዲያ አጥርቶ ላነበበ ሰው የገዛ ከተማው መንገድ ተዘጋበት።

በዚህ አላበቃም። በ1961 ሚለር ፊሸር የተባለ ካናዳዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በዚህ በሽታ የሞቱ ሰዎችን ደም ቅዳዎች መረመረ። አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋችው ፓይካ ሳትሆን እናቲቱ ቨርቴብራል ሆና ተገኘች! ቫለንበርግ በቁስሉ ቦታ ትክክል ነበር፤ የደም ቅዳዋ ነገር ግን ሰፋ ብሎ መታየት ነበረበት። እኛ ተማሪዎች ለፈተና ስንሸመድድ ያቺን የጥያቄ ምልክት አውጥተን ጣልናት እንጂ፣ እሱስ አስቀምጦልን ነበር።

«ታዲያ ይሄ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ይፈይዳል እንጂ! ስትሮክ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የተጣመመ አፍና የዛለ እጅ ነው። በፓይካ በኩል የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ጉልበት አይነካም። ሰውየው «አዞረኝ፣ አስመለሰኝ» ይላል፤ ጨብጥ ሲሉት ይጨብጣል፤ «ጨጓራ ነው» ወይም «ደክሞህ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ሲቲ ስካንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ በዚያ በኩል ያለው ወፍራም አጥንት ምስሉን ያደበዝዘዋል። የተጎዳው ትንሹ አንጎል ግን በቀናት ውስጥ ሊያብጥ፣ የአንጎልን ፈሳሽ መውጫ ሊዘጋና ሊገድል ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ቀዶ ሕክምና ሊያድነው ይችላል።

ስለዚህ ያዞረውን ሰው ከመሸኘታችሁ በፊት አስነሡት። ይራመዳል? ዐይኑን አንቀሳቅሱ። ድምፁን ስሙ። ውሃ ከመስጠታችሁ በፊት መዋጡን አረጋግጡ፤ ወደ ሳንባው እንዳይገባ። ሁለቱን ጉንጮቹን፣ ሁለቱን እጆቹን በቀዝቃዛ ነገር ንኩት። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዳንዚግ በ1895 የነበረው እኛም ጋ አለ። እርግጠኛ ካልሆናችሁም፣ ካርዱ ላይ ያቺን የጥያቄ ምልክት ለማስቀመጥ አትፈሩ።