ለመኪናዎ የሚስማማው ሰብዉፈር ስንት ኢንች ነው?

ሰብዉፈር ለመግዛት ወደ መርካቶ የሚወጣ አሽከርካሪ ከሻጩ ጋር የሚጀምረው ክርክር ብዙውን ጊዜ ‹‹አሥራ ሁለት ይሻላል አሥራ አምስት?›› የሚል ነው፡፡ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መጀመሪያ መመለስ ያለበት ግን እሱ አይደለም፡፡ የመኪናው የውስጥ ክፍል ስፋት፣ ለሳጥኑ የሚተርፈው ቦታና ዲናሞው የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ከታወቁ ኢንቹ በአብዛኛው በእነዚሁ ይወሰናል፡፡

ኢንቹ የሚገልጸው የስፒከሩን ዲያሜትር ሲሆን፣ በገበያ የተለመዱት ባለ 8፣ 10፣ 12 እና 15 ናቸው፡፡ በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በስፋት ሲሰላ ግን የ10 ኢንች ክብ 507 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የ12ቱ 730፣ የ15ቱ ደግሞ 1,140 ይሆናል፡፡ (ጠርዙ ስለሚቀነስ በትክክል የሚንቀሳቀሰው ክፍል ከዚህ ያንሳል፡፡) ስለዚህ ሁለት ባለ 10 ኢንች አንድ ባለ 12ን በሚገባ ይበልጣሉ፣ አንድ ባለ 15ን ግን አይደርሱበትም፡፡

ስፋት ብቻውን ድምፅ አይሆንም፡፡ ወፍራም ድምፅ የሚፈጠረው አየር በመገፋቱ በመሆኑ፣ ስፒከሩ ወደፊትና ወደኋላ የሚጓዝበት ርቀትም እኩል ዋጋ አለው፡፡ ድምፁ ጉልበቱን ሳያጣ ከ80 ኸርዝ ወደ 40 ኸርዝ እንዲወርድ ከተፈለገ አራት እጥፍ አየር መገፋት አለበት፡፡ በጥንቃቄ የተሠራ ባለ 10 ኢንች ርካሹን ባለ 12 የሚያሸንፈው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

እዚህ ላይ መኪናው ራሱ ያግዛል፡፡ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል በሆነ ዝግ ክፍል ውስጥ ከ57 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ እንደ ሞገድ መጓዙን ትቶ ክፍሉን እንዳለ እንደ መንፋት ይሆናል፤ ኃይሉም ድምፁ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ይጨምራል፡፡ ክፍሉ ሲያጥር ይህ እገዛ ከፍ ካለ ኸርዝ ጀምሮ ይመጣል፡፡ ስለሆነም እንደ ቪትዝ ላሉ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛቸው ከተሳፋሪው ጋር ለተገናኘ ትናንሽ መኪኖች በዝግ ሳጥን የተገጠመ አንድ ባለ 10 ኢንች ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፡፡ እንደ ኮሮላ ባሉት ላይ ግን የኋላ ወንበሩ ከሳጥኑ የሚወጣውን ድምፅ በከፊል ስለሚያግደው ባለ 12 ማሰብ ተገቢ ነው፡፡ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክ አፕ የያዙ ሰዎች ምርጫቸው ጠባብ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ጀርባ የሚገባ ባለ 8 ወይም ስስ ባለ 10 ይፈልጉ፡፡

ከስፒከሩ ይልቅ የሚበዛው ስህተት ያለው ሳጥኑ ላይ ነው፡፡ አምራቹ በወረቀቱ ላይ ስፒከሩ የሚፈልገውን የአየር መጠን ይጽፋል፡፡ በዝግ ሳጥን ባለ 10 ኢንች በተለምዶ ከ14 እስከ 23 ሊትር፣ ባለ 12 ከ21 እስከ 35 ሊትር ይፈልጋል፤ ቀዳዳ (ፖርት) ባለው ሳጥን ደግሞ ባለ 12ቱ ከ42 እስከ 70 ሊትር ሊወስድ ይችላል፡፡ ባለ 15 ኢንችን በጠባብ ሳጥን ማፈን ትልቅ ገንዘብ ከፍሎ የታፈነ ጉምጉምታ መግዛት ነው፡፡ በመሆኑም ከመግዛትዎ በፊት የዕቃ መጫኛውን በሜትር ይለኩ፤ ትርፍ ጎማው የት እንዳለም አይርሱ፡፡ በሌሊት ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሳጥን አውርዶ መፈለግ አያስደስትም፡፡ ሳጥኑን የሚሠራው አናጢ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ወይም ጠንካራ ኮምፔንሳቶ ይጠቀም፡፡ ተዘግቶ ሲመታ በመገጣጠሚያው በኩል አየር ከወጣ እንዲመልሰው ያድርጉ፡፡

‹‹ትልቅ ስፒከር ዘገምተኛ ነው›› የሚለው አባባል ብዙ ተከታይ አለው፡፡ 40 ኸርዝ በባለ 8ም ሆነ በባለ 15 በሰከንድ 40 ጊዜ ነው የሚመታው፡፡ ዘገየ የሚባለው ድምፅ በአብዛኛው የሳጥኑ ወይም የአስተካካዩ ጥፋት ነው፡፡ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ ባለ አምስት ክሩ እስከ 31 ኸርዝ ይወርዳል፡፡ ክራርና ማሲንቆ ለሚያዳምጥ ሰው ባለ 8 ኢንች እንኳ ትርፍ ነው፤ ሬጌና ሂፕ ሆፕ ወዳድ ግን ወደ 12ቱ ቢያይ አይፈረድበትም፡፡

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ፡፡ ትክክለኛ 500 ዋት የሚሰጥ፣ ክላስ ዲ የሚባል አምፕሊፋየር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 45 አምፔር ያህል ይስባል፡፡ ሙዚቃ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል አይመታም፤ ነገር ግን በክረምት ምሽት በትራፊክ መጨናነቅ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያና የአየር ማራገቢያ አብረው ሲሠሩ የትንሽ መኪና ዲናሞ አይችለውም፡፡ ዕዳው ባትሪው ላይ ይወድቃል፡፡

ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ‹‹3000 ዋት›› አይመኑ፡፡ መታየት ያለበት አርኤምኤስ (RMS ሳይሆን ማክስ ከተጻፈ ይጠርጥሩ) የተባለው ዘላቂ ኃይል ነው፡፡ ማጣሪያውም ቀላል ነው፤ የአምፕሊፋየሩን ፊውዝ ይመልከቱ፡፡ ፊውዙ 30 አምፔር ከሆነ በ14 ቮልት ሲባዛ ወደ ውስጥ የሚገባው 420 ዋት ብቻ ነው፤ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፡፡ ከባትሪው የሚነሳው ወፍራም ገመድ የራሱ ፊውዝ ያስፈልገዋል፤ ይህም ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ መቀመጥ አለበት፡፡ ፊውዝ የሌለው ገመድ ከመኪናው ብረት ጋር ሲነካካ እሳት ያስነሳል፡፡ ገጣሚው ‹‹ግድ የለም›› ካለዎት ሌላ ጋራዥ ይሂዱ፡፡

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ጥያቄው በኤሌክትሪክ መኪኖችም ላይ መነሳቱ አይቀርም፡፡ እነዚህ መኪኖች ዲናሞ የላቸውም፤ የ12 ቮልቱን ባትሪ የሚሞላው ከዋናው ባትሪ ኃይል የሚቀንስ መሣሪያ (ኮንቨርተር) ነው፡፡ አቅሙ ውስን በመሆኑና ዋስትናውም ሊጓደል ስለሚችል፣ ዝቅተኛ ኃይል ያለውን ባለ 8 ወይም 10 ይምረጡ፤ አስቀድመውም ሻጩን ይጠይቁ፡፡ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ማንም ጆሮ ጠገብ ባለሙያ እንዳይነካቸው፡፡

ገጠማው ሲያልቅ ለሰብዉፈሩ የሚላከውን ድምፅ ከ80 ኸርዝ በታች እንዲሆን ያስወስኑ፡፡ ከዚያም በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን በሮቹ ተዘግተው በሾፌሩ ወንበር ተቀምጠው ይስሙ፡፡ ቤዙ ከተጠበቀው በታች ከሳሳ ሁለቱን የስፒከር ገመዶች፣ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን፣ አቀያይረው እንደገና ያዳምጡ፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚሰማበት አቀማመጥ ትክክለኛው ነው፡፡