ቤተ መጻሕፍትን የሚያጸናው ማነው?

ቤት መሥራትና ቤትን ማኖር ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ቤት የሚሠራው በድንጋይ፣ በእንጨትና በገንዘብ ነው፤ የሚኖረው ግን ባለቤት ሲያገኝ ነው። ይህ ነገር ለመኖሪያ ቤት እውነት እንደ ሆነ ሁሉ ለቤተ መጻሕፍትም እውነት ነው። ነገር ግን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለቤት ማነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እንደሚመስለው ቀላል ሆኖ አይገኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንግሥት ሥራ ምክንያት በአንዲት የወረዳ ከተማ ተቀምጠን ነበር። በከተማይቱ መካከል አንድ በጎ አድራጊ ያሠራው፣ ሁለት ክፍል ያለው ቤተ መጻሕፍት ነበር። በተመረቀበት ቀን ብዙ ንግግር እንደ ተደረገና ብዙ እንደ ተጨበጨበ የአገሩ ሰዎች ነግረውናል። እኛ በደረስንበት ጊዜ ግን በበሩ ላይ የተንጠለጠለው ቍልፍ ዝጎ ነበር። ጠባቂው ደመወዝ የሚከፍለው ቢያጣ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ማዘጋጃ ቤቱ ሲጠየቅ «የትምህርት ቤቱ ጕዳይ ነው» ይላል፤ ትምህርት ቤቱ ሲጠየቅ «የሰጪው ጕዳይ ነው» ይላል፤ ሰጪው ደግሞ ድርሻዬን ፈጽሜአለሁ ብሎ ወደ አገሩ ተመልሷል። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች እየመጡ ግንባራቸውን በመስኮቱ መስተዋት ላይ አስደግፈው በመደርደሪያው ያሉትን መጻሕፍት አርእስት ከውጭ ሆነው ሲያነቡ አይተናል። እኛም አይተን አዝነን፣ «የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አይደለም» ብለን አልፈናል።

ይህን ታሪክ እንድንመረምር ያደረገን ያ ዝም ብለን ያለፍነው በር ነው። ሌሎች ሕዝቦች ቤተ መጻሕፍታቸውን በምን አኳኋን እንዳቆሙ፣ ምን ሲያደርጉ እንደ ጸናላቸውና ምን ሲጐድል እንደ ደከመባቸው ለማወቅ ፈለግን። በዚህ ረገድ የአሜሪካ ታሪክ ውድቀቱንም ሆነ ልማቱን ግልጽ አድርጎ ስለሚያሳይ እርሱን መርጠናል። የውጭ አገር ታሪክ በሚነገርበት ስፍራ ዓመቱ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በፊላደልፊያ ከተማ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለው ወጣት አታሚ ከወዳጆቹ ጋር ዓርብ ማታ እየተሰበሰበ የሚወያይበት ማኅበር ነበረው። ማኅበርተኞቹ መጻሕፍታቸውን ከየቤታቸው አምጥተው በአንድ ክፍል ቢያኖሩ፣ እያንዳንዱ የሁሉንም መጻሕፍት ለማንበብ እንደሚችል አሰቡና እንዲሁ አደረጉ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን መጻሕፍቱን በሚገባ የሚጠብቅ ስላልነበረ አንድ ዓመት ያህል ቈይቶ ስብስቡ ፈረሰ፤ ሁሉም የየራሱን መጽሐፍ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ፍራንክሊን ከዚህ ውድቀት ትምህርት አገኘ። በ1731 ዓ.ም. ሌላ ውል አዘጋጀ፤ ይኸውም 50 ሰዎች እያንዳንዳቸው ለመጀመሪያው 40 ሺሊንግ፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ 10 ሺሊንግ ለ50 ዓመት ያህል እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍራንክሊን የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከፈረሙትም ሰዎች የሚበዙት እንደ እርሱ ያሉ ነጋዴዎችና የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ነበሩ። በአገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይባላል፤ የፊላደልፊያው ውል ይህን ተረት እስከ ቍጥሩ ድረስ የፈጸመ ይመስላል። በተዋጣው ገንዘብ ከለንደን መጻሕፍት ተገዙ፤ በ1732 ዓ.ም.ም ደመወዝ የሚከፈለው የመጻሕፍት ጠባቂ ተቀጠረ። ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው እንኳ መያዣ እያስያዘ መጽሐፍ ለመዋስ ይችል ነበር። ይህ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ በዚያችው ከተማ ይገኛል።

በመጀመሪያው ሙከራና በሁለተኛው መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። አሳቡን ያነሡት ሰዎች ያው ነበሩ፤ የማንበብ ፍላጎታቸውም አልተለወጠም። በሁለተኛው ጊዜ የተጨመረው ነገር የተጻፈ ውል፣ በየዓመቱ የሚገባ ገንዘብና ተጠያቂ የሆነ ጠባቂ ነው። የመጀመሪያው በበጎ ፈቃድ ብቻ ስለ ቆመ ዓመት ቈየ፤ ሁለተኛው በግዴታ ስለ ታሰረ ከሦስት መቶ ዓመት ጥቂት የሚጐድል ዕድሜ አገኘ።

ይሁን እንጂ በመዋጮ የሚተዳደር ቤተ መጻሕፍት አንድ ጕድለት አለበት። መዋጮውን ለመክፈል ወይም መያዣ ለማስያዝ የማይችል ድኻ ከደጅ ይቀራል። ይህን ጕድለት ለመሙላት መንገድ ያሳየችው በኒው ሃምፕሺር ግዛት የምትገኘው ፒተርቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። በ1833 ዓ.ም. የከተማይቱ ሰዎች በጉባኤ ተሰብስበው፣ ከግዛቱ መንግሥት ለትምህርት ከሚደርሳቸው ገንዘብ ከፊሉ መጻሕፍት እንዲገዛበት ወሰኑ። መጻሕፍቱም ለከተማው ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲዋሱ ተደረገ። ስለዚህ የፒተርቦሮ ቤተ መጻሕፍት ከግብር በሚገኝ ገንዘብ ለሁሉ በነጻ የተከፈተ ከቀደሙት ሁሉ የቀደመ ነው እየተባለ ይነገርለታል።

ከዚያም የቦስተን ከተማ ተከተለች። ቤተ መጻሕፍትዋ በ1848 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1854 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። በ1852 ዓ.ም. ጆሹዋ ቤትስ የተባለ በለንደን የሚኖር ባለ ባንክ ለመጻሕፍት መግዣ 50,000 ዶላር እንደሚሰጥ ጻፈ። ቤትስ በወጣትነቱ ገንዘብ ስላልነበረው በቦስተን በአንድ የመጻሕፍት መሸጫ ቤት እየተቀመጠ ያነብ የነበረ ሰው ነው። ስጦታውን ሲሰጥ ግን ከተማይቱ የሚገባውን ቤት እንድትሠራ፣ ወጪውን እንድትችልና በሩ ለሁሉ በነጻ እንዲከፈት የሚል ግዴታ አግብቶበታል። እንግዲህ ሰጪና ተቀባይ በአንድ ሥራ ድርሻቸውን ለይተው መያዛቸው በዚህ በግልጽ ይታያል።

ይህን ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ያስፋፋው አንድሩ ካርኔጊ ነው። ካርኔጊ በ1835 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በደንፈርምሊን ከሸማኔ አባት ተወለደ። አባቱም ከሌሎች ሸማኔዎች ጋር ያሏቸውን ጥቂት መጻሕፍት አንድ ላይ አድርገው ለሚያነብ ሁሉ የሚያውሱ ሰው ነበሩ። ቤተ ሰቡ በ1848 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በፒትስበርግ አጠገብ በምትገኘው በአሌጌኒ ሲቀመጥ፣ ልጁ ገና በ13 ዓመቱ በፋብሪካ ሥራ ገባ። በዚያ ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የሚባሉ ሰው 400 ያህል የሆኑ የግል መጻሕፍታቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ነበር። ኋላ ስብስቡ ሰፍቶ ሌሎች ሰዎች ማስተዳደር ሲጀምሩ፣ ሙያ ለመማር በውል ያልተቀጠረ ልጅ በዓመት ሁለት ዶላር ይክፈል ተባለ። ቀድሞ ቴሌግራም አመላላሽ የነበረው ካርኔጊ ይህን በመቃወም በ1853 ዓ.ም. ለጋዜጣ ጻፈ፤ በመጨረሻም ያለ ክፍያ እንዲገባ ተፈቀደለት።

ካርኔጊ በብረት ሥራ እጅግ ከበለጸገ በኋላ የመጀመሪያውን ቤተ መጻሕፍት በተወለደባት በደንፈርምሊን አሠራ፤ እርሱም በ1883 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ በልዩ ልዩ አገሮች ከ2,500 የሚበልጡ ቤተ መጻሕፍት በገንዘቡ ተሠሩ፤ ከእነዚህም ከ1,600 የሚበልጡት በአሜሪካ ናቸው። ከዚህ ቍጥር ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመን ያቆመው ደንብ ነው። ቤተ መጻሕፍት የምትፈልግ ከተማ አስቀድማ መሬቱን መስጠት አለባት፤ ቀጥሎም ለቤቱ ማሠሪያ ከሚሰጣት ገንዘብ ከመቶ 10 እጁን በየዓመቱ ከግብሯ ለማውጣት በጉባኤ መወሰን አለባት። ለምሳሌ 10,000 ዶላር የተሰጣት ከተማ ለመጻሕፍት መግዣ፣ ለደመወዝና ለእድሳት በየዓመቱ 1,000 ዶላር ትከፍላለች ማለት ነው። ይህን ለመግባት ያልፈቀደች ከተማ ስጦታውን አታገኝም።

በዚህ ምክንያት ቤቱ ከመሠራቱ በፊት በየከተማው ብዙ ክርክር ይደረግ ነበር። በብዙ ስፍራ አስቀድመው ትንንሽ የንባብ ክፍል የከፈቱትና ማዘጋጃ ቤቱን የጐተጐቱት የሴቶች ማኅበራት ነበሩ። የካርኔጊን ገንዘብ የተቃወሙ ሠራተኞችም አልታጡም፤ በ1892 ዓ.ም. በሆምስቴድ የብረት ፋብሪካው ውስጥ በደመወዝ ምክንያት በተነሣው ጠብ የሰው ሕይወት ጠፍቶ ነበርና። ከደመወዛችን የተቀነሰው ገንዘብ ነው መጻሕፍት ሆኖ የሚመለሰው የሚለው አቤቱታቸው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

ሌላም በደል ነበረ። በደቡባዊው አሜሪካ «የሕዝብ» ተብለው በተሠሩት ቤተ መጻሕፍት ጥቍሮች አይገቡም ነበር። በኬንተኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ጥቍሮች ጥያቄአቸውን አጽንተው ካቀረቡ በኋላ፣ በ1905 ዓ.ም. በአንድ የግል ቤት ውስጥ በተከራዩ ሦስት ክፍሎች አንድ ቅርንጫፍ ተከፈተላቸው። ኀላፊው ቶማስ ፋውንቴን ብሉ፣ ሠራተኞቹም ሁሉ ጥቍሮች ነበሩ። በ1908 ዓ.ም. በካርኔጊ ገንዘብ የራሱ ቤት ተሠራለት። ብሉ ቤቱን የአካባቢው ሕዝብ መሰብሰቢያና የልጆች መማሪያ አደረገው፤ ከሌሎች ከተሞች የሚመጡ ጥቍሮችንም የቤተ መጻሕፍትን ሥራ ያስተምርበት ጀመር። በመለያየት ሕግ መካከል የተከፈተ ደጅ ስለ ሆነ በደሉን አላስወገደም፤ ነገር ግን ሕዝቡ የእኔ ነው ያለው ቤት በሦስት ክፍል ቢጀምርም እንደሚያድግ አሳይቷል።

የካርኔጊ ደንብ ራሱ ሁልጊዜ አልተፈጸመም። አልቪን ጆንሰን የተባለ የኢኮኖሚ መምህር ወደ 100 የሚጠጉ ቤተ መጻሕፍትን ተዘዋውሮ ከተመለከተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. መግለጫውን አቀረበ። ቃላቸውን ያልጠበቁ ከተሞች፣ ቤታቸው ያማረ፣ መጻሕፍታቸው ግን ያነሰ፣ የሠለጠነ ሠራተኛም የሌላቸው ቤተ መጻሕፍት መኖራቸውን ገለጸ፤ ከሕንፃ ይልቅ ለሙያተኛ ሥልጠና ገንዘብ እንዲወጣ መከረ። በተከታዩ ዓመት አዲስ የሕንፃ ስጦታ መስጠት ቆመ። ያ በወረዳ ከተማ ያየነው የዛገ ቍልፍ በባለጠጋው አገርም ወንድም ነበረው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ ትምህርት ፈጽሞ እንግዳ ሆኖ አናገኘውም። በዓድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች፣ ብራናቸው ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ እንደሚመደቡ ታውቋል። እነዚህ መጻሕፍት ያን ያህል ዘመን የቈዩት ማኅበረ መነኮሳቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተቀባበሉ ስለ ጠበቋቸው ነው። በየደብሩም ንዋየ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ በዕቃ ቤት ይቀመጣሉ፤ ለዚህም ተጠያቂ የሆነ ገበዝ አለ። ምእመናኑም የደብሩን ወጪ ይካፈላሉ። እድራችንም ቢሆን ድንኳኑንና ወንበሩን ዓመት ከዓመት የሚያቈየው በየወሩ በሚከፈል መዋጮ፣ በጽሑፍ በሰፈረ ደንብና በታወቀ ዳኛ ነው። ፍራንክሊን በሁለተኛው ሙከራው ያገኘውን ጥበብ አባቶቻችን በልማዳቸው ያውቁታል፤ የሚያሳዝነው ይህን ልማድ ወደ ዘመናዊው ቤተ መጻሕፍት ደጅ አብዝተን አለማምጣታችን ነው።

በአገራችን ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ በተባለው ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በአዋሳም መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ወደ ልጆች እንዲደርሱ አድርገዋል። በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ሲከፈት ሕዝቡ መጻሕፍት እንዲለግስ ተጠርቶ ብዙ ሰው ለግሷል። ሕዝባችን መስጠትን እንደማያሰስት በዚህ ይታወቃል። ከመስጠት ቀጥሎ ያለው ሥራ ግን መጠበቅ ነው፤ እርሱም እንደ ምረቃ ቀን አይጨበጨብለትም።

እንግዲህ በአንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ በተባለ ጊዜ መሠረቱ ሳይጣል ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሊያገኙ ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ የጠባቂው ደመወዝና የአዳዲስ መጻሕፍት መግዣ በየዓመቱ ከየትኛው ሣጥን ይወጣል? ሁለተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ነጋዴውና እድሩ እያንዳንዳቸው የሚይዙት ድርሻ በጽሑፍ ሰፍሯልን? ሦስተኛ፣ ቍልፉን የያዘው ሰው ሲዛወር ለማን ያስረክባል? እነዚህ ያልተመለሱለት ቤት ምንም ያህል ቢያምር ባለቤት የሌለው ቤት ነው።

ይህን ስንጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በዚያች የወረዳ ከተማ በነበርን ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም፣ የትምህርት ቤቱን ዲሬክተርና የእድሩን ዳኛ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለማስቀመጥ አንድ ደብዳቤና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃን ነበር፤ አላደረግነውም። በመስኮቱ መስተዋት ላይ ግንባራቸውን ያስደገፉት ልጆች ዛሬ አድገው በየሥራው ተሰማርተዋል፤ አርእስታቸውን ብቻ ያነበቧቸውን መጻሕፍት ግን ማንም አልከፈተላቸውም። በምናገለግልበት ስፍራ እንዲህ ያለ በር ያየን ሁሉ «የማነው?» ከማለት አልፈን «ከዚህ ውስጥ የእኔ ድርሻ የቱ ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ የዛገው ቍልፍ የሚከፈትበት ቀን ሩቅ አይሆንም።