«ከክፍል ውጪ ምን ትሠራለህ?» የሚለው ጥያቄ ከየት መጣ?

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ለማድረግ ያሰበ ተማሪ፣ ማመልከቻውን ሲሞላ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የወሰዳቸውን ኮርሶች ሞላ፣ ውጤቱን ሞላ። ቀጥሎ ከክፍል ውጪ ምን እንደሚሠራ ይጠየቃል። ቀን ተምሮ ማታ ፓርኪንግ ለሚሠራ፣ ታናናሾቹን ትምህርት ቤት ለሚያመላልስ ልጅ «እኔማ ምንም የለኝም» የሚያሰኝ ጥያቄ ነው። ሰው ደግሞ «ክበብ ግባ» ይለዋል። አራት አምስት ክበብ ይመዘገባል፣ እንቅልፉ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ጂፒኤው ይወርዳል። የጥያቄውን ታሪክ ቢያውቅ ኖሮ ምርጫው ሌላ ይሆን ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሃርቫርድን የመሰሉ ኮሌጆች ተማሪ የሚቀበሉት በዋናነት በፈተና ነበር። ፈተናውን ያለፈ ይገባል። ፈተና ደግሞ የአባት ስም አይጠይቅም። ስለዚህ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁዳውያን ልጆች እያለፉ መግባት ጀመሩ። በ1900 ከሃርቫርድ ተማሪዎች ከመቶ 7 ያህል የነበሩት አይሁዳውያን፣ በ1922 ከመቶ 21 በላይ ሆኑ።

የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ላውረንስ ሎውል ይህን አልወደዱትም። በ1922 በግልጽ ኮታ ይደረግ አሉ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ብዙ ተቃውሞ ተነሣ። ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመው ኮሚቴም በ1923 ኮታውን ሳይቀበለው ቀረ። በሩን በግልጽ መዝጋት ሲያቅት ግን ሌላ መንገድ ተገኘ። የማመልከቻ ቅጹ አመልካቹ ወይም አባቱ ስማቸውን ለውጠው እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ። በ1926 ደግሞ የአዲስ ገቢዎች ቁጥር በ1,000 ተገድቦ፣ ከፈተና ውጤት ጎን «ጠባይ» እንዲመዘን ተወሰነ፤ ፎቶግራፍም ተጠየቀ። በፈተና መቶ ያመጣ ልጅ «ጠባዩ አይመጥንም» ቢባል ወዴት ይግባኝ ይላል? ሎውል ሥልጣን በለቀቁበት በ1933 የአይሁዳውያኑ ቁጥር ወደ ከመቶ 15 ገደማ ወርዶ ነበር። ስፖርቱ፣ ክበቡ፣ የመሪነት ልምዱ በማመልከቻ ላይ ይህን ያህል ክብደት ያገኘው በዚህ ታሪክ ውስጥ ነው።

የትራንስፈር በር ግን የተሠራው በሌላ ሐሳብ ነው። በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት በምትባል ከተማ፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሬይኒ ሃርፐርና የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ስታንሊ ብራውን፣ ተማሪ ከሰፈሩ ሳይርቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የኮሌጅ ዓመታት የሚማርበትን መንገድ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስድስት ብቻ ነበሩ። በ1960 ደግሞ ካሊፎርኒያ ይህን ሐሳብ የግዛቱ ሥርዓት አደረገችው። ኮሚውኒቲ ኮሌጁ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ለተዛዋሪዎች ቦታ እንዲኖር፣ የታችኞቹን ዓመታት ተማሪ ቁጥር እንዲያሳንሱ ታቀደ። ይህ በር በዋናነት የሚጠይቀው «ምን ተማርክ? ምን ውጤት አመጣህ?» ብሎ ነው።

ዛሬም ልዩነቱ ይታያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ ምሩቅ የተጠየቀውን ጂፒኤና ኮርስ ካሟላ፣ በስምምነት መሠረት መግቢያው የተረጋገጠባቸው የግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እዚያ ላይ አምስተኛ ክበብ የሚጨምረው ነገር የለም፤ የወደቀ የካልኩለስ ኮርስ ግን ብዙ ያጎድላል።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ስለ እንቅስቃሴም ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ተዛዋሪው የግድ ከሚመልሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ለመረጠው ሜጀር እንዴት እንደተዘጋጀ ነው። ምርጫው ከዚህ ይጀምራል። ነርሲንግ የሚፈልግ ልጅ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠራው ሥራ ከሦስት ክበብ አባልነት ይበልጥበታል። ኢንጂነሪንግ የሚያስብ፣ በኮሌጁ የማስጠኛ ማዕከል ሒሳብ ቢያስጠና ገንዘብም ያገኛል፣ ትምህርቱም ይጠናለታል።

ጊዜውም አጭር ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ የሚዛወር ተማሪ ማመልከቻውን የሚያስገባው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው፤ ለማሳየት የሚቀረው ከአንድ ዓመት ብዙም አይበልጥም። በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ነገር መርጦ እስከ መጨረሻው የቆየ፣ ማመልከቻ ሊዘጋ ሲል አምስት ክበብ ከተመዘገበው የተሻለ የሚናገረው አለው።

እርግጥ ጥቂት ተዛዋሪ ብቻ የሚቀበሉ ስመ ጥር የግል ኮሌጆች ዛሬም እንቅስቃሴን አጥብቀው ይመዝናሉ። ግን ቅጹም እንደ ድሮው አይደለም። ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት «ኮመን አፕ» ከእንቅስቃሴ ዓይነቶች መካከል የሚከፈልበትን ሥራና የቤተሰብ ኃላፊነትን ቆጥሮ አስቀምጧል። የማታ ፓርኪንግ ሥራ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፋል። ታናናሾችን ማሳደግ፣ ለእናት ሐኪም ቤት ማስተርጎምም ይጻፋል።

ከመቶ ዓመት በፊት ጥያቄው የስደተኛን ልጅ ለማስቀረት አገልግሏል። ዛሬ የስደተኛ ልጅ የሚኖረውን ሕይወት ራሱ ቢጽፍበት መልስ ይሆናል። የሚጎዳው የራሱን ሥራ «ምንም» ብሎ ባዶ ሲተወው፣ ወይም ያልኖረበትን ክበብ ሲደረድርበት ነው።

ትራንስፈር ለሚያስብ ልጅ ሼር ይደረግለት።